ከስቴቶስኮፕ ወደ ማኅተም፦ የሕፃናት ሳንባ ሐኪም ሆኖ የሕክምና ትምህርት ቤት መምራት

ለብዙ ዓመት የሕፃናት ሳንባ ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ። ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ቀጥሎም የሕክምና ትምህርት ቤት ዲን ሆንኩ። አሁን ከዲንነቱ ወርጃለሁ። በመካከሉ ግን አመራሩን ብቻ ሳይሆን ሐኪምነቱንም ጥዬ ልወጣ የደረስኩበት ጊዜ ነበር። ሰሞኑን ወጣት ሐኪሞች እየመጡ «ሰብ-ስፔሻሊቲ (ከስፔሻሊቲ ቀጥሎ ያለውን ጠበብ ያለ ሥልጠና) ልቀጥል ወይስ ወደ አመራሩ ልግባ?»፣ «ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ይቻላል ወይ?» ይሉኛል። ለእያንዳንዳቸው በየኮሪደሩ ቁንጽል መልስ ከምሰጥ፣ አንዴ ልጻፈውና ይገላግለኝ ብዬ ነው።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። እነዚህን ሁለት ሥራዎች የሚለያያቸው ጊዜ ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ኦክስጅን ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ ይቀላል። ያደረጋችሁት ነገር ልክ መሆኑን በዚያው ሌሊት ታውቁታላችሁ። ዲን ሆናችሁ የወሰናችሁት ነገር ግን ልክ ይሁን አይሁን የሚለየው ተማሪው ተመርቆ፣ ርቆ ሄዶ፣ አንድ ሌሊት ብቻውን ተረኛ ሲሆን ነው። ያኔ ደግሞ እናንተ እዚያ የላችሁም። እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ ወደዚህ ይመለሳል።

ለምን ይዋሻል፣ ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለሁ ሐኪም ሳለሁ ሳንባ አያምረኝም ነበር። የምመኘው ልብን ነው። የልብ ሐኪም ሲባል ያስከብራል፣ ማሽኑም ያምራል። ሳንባ ግን ሳል ነው፣ አክታ ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የድንገተኛ ክፍል ተረኝነት ነው። ሌሊት ሌሊት በር እያንኳኩ ከሚመጡት ሕፃናት አብዛኞቹን የሚያመጣቸው ትንፋሽ ነበር። የሳንባ ምች ዛሬም ቢሆን በዓለም ላይ ከማንኛውም ሌላ ተላላፊ በሽታ በላይ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ ነው። ሥራው ያለው እዚህ እንደሆነ ገባኝ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ፀጉራቸው የሸበተ አንዲት ሲስተር ነበሩ። ማዳመጫዬን ይዤ ወደ ልጁ ስንደረደር ያዩኝና «ዶክተር፣ እሱን አንገትሽ ላይ ተዪውና መጀመሪያ እዪው» አሉኝ። ከዚያ አሠራሩን አሳዩኝ። ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንደተቀመጠ ልብሱ እስከ ብብቱ ከፍ ይላል። እጅ አይነካውም። ከተነካ ያለቅሳል፣ ካለቀሰ ደግሞ ቁጥሩ ውሸት ነው። ሰዓት ተይዞ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠራል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ለሕፃን አይሠራም። የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለም፤ ይሮጣል፣ ቆም ይላል፣ እንደገና ይሮጣል። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ግልጽ ነው፦ ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ከዚያ ዓይን ወደ ታችኛው ደረት ይወርዳል። ልጁ አየር ሲያስገባ መውጣት የነበረበት የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ እየታገለ ነው ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሳላደርግ ማዳመጫ አላወጣም። እስከ ዛሬ እንዲሁ ነኝ።

ሕፃናት ለምን እንዲህ በፍጥነት እንደሚወድቁ የገባኝ ደግሞ ከፊዚክስ ነው። የአየር ቧንቧ ስፋቱ በግማሽ ሲቀንስ፣ በእርጋታ ለሚፈስ አየር እንኳ መሰናክሉ በ16 እጥፍ ይጨምራል። አዋቂ ሰው ቧንቧው አንድ ሚሊሜትር ቢያብጥ ጉንፋን ያዘኝ ብሎ ሥራ ይገባል። የሦስት ወር ሕፃን ላይ ያቺው አንድ ሚሊሜትር ጡት መጥባት ታስከለክላለች። ሰብ-ስፔሻሊቲ ለመግባት የምታስቡ፣ ይህችን ስሌት በቃላችሁ ያዟት። ወላጅ የሚነግራችሁን «ትንሽ ነው ያመመው፣ ግን አልጠባም» የሚል ቃል እንዳትንቁ ታደርጋችኋለች።

ወላጅ ሆናችሁ የምታነቡም ካላችሁ ለእናንተም አንድ ነገር ልጣልላችሁ። ልጁ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ለማንቃት ካስቸገረ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ ከንፈሩ ወይም ምላሱ ከጠቆረ እስኪነጋ አይጠበቅም። ያኔውኑ ወደ ሕክምና ነው።

ሥልጠናውን ብዙ አልተርክም። በአብዛኛው ቦታ መንገዱ አንድ ነው፤ መጀመሪያ የሕፃናት ሕክምና ስፔሻሊቲ፣ ከዚያ የሳንባ ፌሎሺፕ። መጽሐፉን ሁሉም ያነበዋል። ልዩነት የሚያመጡት መጽሐፍ ላይ በአንድ መስመር የሚታለፉ ነገሮች ናቸው። ለምሳሌ ጥያቄ። ለወራት በአስም ስም ሲታከም የቆየ ልጅ ወደ እኔ ተልኮ መጣ። ካርዱ ወፍሯል። ያልተሰጠው መድኃኒት የለም። እናቱን «ሳሉ ከመጀመሩ በፊት የሆነ ነገር አንቆት ያውቃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና ልጁ ኦቾሎኒ እየበላ ሲሮጥ ትን ብሎት እንደነበር አስታወሰች። ወዲያው ስለተሻለው ረስታዋለች፤ የጠየቃት ሰውም አልነበረም። ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው፤ ኦቾሎኒ ኤክስሬይ ላይ አይታይማ! በብሮንኮስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ስንገባ በቀኙ ቧንቧ ተቀርቅሮ አገኘነው። ስለዚህ ሳሉ በአንድ ጊዜ የጀመረ፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ያለው ልጅ ካጋጠማችሁ፣ ያቺን ጥያቄ ጠይቁ። ከዚያ ደግማችሁ ጠይቁ።

ሌላው አለማድረግን መማር ነው። ብሮንኪዮላይተስ (የሳንባ ትንንሽ ቧንቧዎች እብጠት) የያዘው ሕፃን እያለከለከ ሲመጣ እጅ ያሳክካል። የሚተነፈስ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ አንቲባዮቲክ፣ ያለውን ሁሉ መስጠት ያምራል። በሽታው በአብዛኛው በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ባወጣው መመሪያ ቧንቧ የሚከፍተውን ሳልቡታሞልን ለእነዚህ ሕፃናት አትስጡ ብሏል። ኦክስጅን ካስፈለገው ኦክስጅን፣ ፈሳሽ፣ የአፍንጫ ጽዳት፣ እና ትዕግሥት። ለቆመ ወላጅ «መድኃኒት አልሰጠውም፣ ግን አጠገቡ ነኝ» ማለት ከመርፌ ይከብዳል። ኋላ ዲን ስሆን ከክሊኒክ ይዤው ከሄድኩት ሁሉ የጠቀመኝ ይኸው ነው፤ መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ።

ጣት ላይ ተደርጎ የደም ኦክስጅንን ስለሚለካው ፐልስ ኦክሲሜትርም አንድ ቃል። በ1974 ጃፓናዊው ታኩዎ አዮያጊ ሐሳቡን ካመጣው ወዲህ ሥራችን ሌላ ሆኗል። ግን ማሽኑን አምልኩ ማለት አይደለም። የቀዘቀዘ ጣት፣ ቀለም የተቀባ ጥፍር፣ የሚወራጭ እግር ቁጥሩን ያበላሹታል። በ2020 የታተመ ጥናት ደግሞ ማሽኑ ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ላይ የኦክስጅን መጠኑን ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ፣ እጥረቱም ከነጮቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ እንደሚያልፍ አሳይቷል። ልጁ እየደከመ ማሽኑ «ደህና ነው» ካላችሁ፣ ልጁን እመኑ።

አሁን ወደ ዲንነቱ ልግባ። ወደ አመራር የገፋኝ ሥልጣን አልነበረም ብል አታምኑኝም ይሆናል፤ ትንሽም ብትሆን ነበረች። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዋርድ ውስጥ የሚያጋጥመኝ ችግር አልጋው አጠገብ ቆሜ የምፈታው ዓይነት መሆኑ እየቀረ መጣ። መድኃኒቱ ይታወቃል። መመሪያው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሚጎድለው በሌሊት ትንፋሽ ቆጥሮ፣ ነገሩን አይቶ፣ ሰው የሚጠራ ተመራቂ ነው። ይህን የሚያፈራው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ሹመቱ ሲመጣ እሺ አልኩ።

በዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ አሜሪካዊቷን የሕፃናት ሐኪም ሜሪ ኤለን ኤቨሪን ይጠቅስልኝ ነበር። እውነትም ታሪኳ ይገርማል። ሕክምና እንደጨረሰች ራሷ ቲቢ ያዛት፤ ሳንባ ላይ ያላት ፍላጎት የተቀሰቀሰው ያኔ ነው። በ1959 ከተመራማሪው ጄር ሚድ ጋር ሆና፣ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ሳንባ ተጣብቆ የሚቀረው ሰርፋክታንት የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚጎድላቸው መሆኑን አሳየች። በ1974 ቦስተን ውስጥ የሕፃናት ሆስፒታሉ ዋና ሐኪም ሆነች፤ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት አንድን የክሊኒክ ትምህርት ክፍል የመራች የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ናት። የሚጠቀሰው ይህ ነው። እኔ ኋላ ላይ ደጋግሜ ያሰብኩት ግን የቀኖቹን ርቀት ነው። ምክንያቱ የታወቀው በ1959። የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ በዚያው በሽታ የሞተው በ1963፣ ምክንያቱ ከታወቀ ከ4 ዓመት በኋላ። ጃፓናዊው ፉጂዋራ እንደ መድኃኒት የተሰጠ ሰርፋክታንት በሕፃናት ላይ መሥራቱን ያሳየው በ1980። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ1990። ምጥ ያለ ጊዜው ለመጣባት እናት ስቴሮይድ መስጠት የሕፃኑን ሳንባ እንደሚያጠነክር ሊጊንስና ሃዊ ከኒውዚላንድ የጻፉትም በ1972 ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የባለሙያዎች ጉባኤ በሰፊው ይሰጥ ያለው በ1994። መድኃኒቱ እጃቸው ላይ ነበር እኮ! እውቀት ወደ አልጋው የሚደርስበት ፍጥነት እንዲህ ነው። ዲን ማለት ይህን ጊዜ ትንሽ ለማሳጠር የሚለፋ ሰው ነው። እኔ ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጥኩት የድንገተኛ ክፍል ሰዓቴን እንደታጠቅኩ ነው።

ምን ሆነ መሰላችሁ። ትልቁ ሥራ ውጤቱ አይታይም፤ ትንንሹ ግን ዛሬውኑ ያልቃል። ስለዚህ ቀኔ በትንንሹ ተሞላ። የደብዳቤ ፊርማ፣ የመኪና ጥያቄ፣ የክፍል ድልድል፣ የሁለት መምህራን ኩርፊያ። ስልኬ ሲጮህ እንደ ተረኛ ሐኪም እነሣለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ሙሉ ቀን ሮጬ ምን እንደሠራሁ መናገር ያቅተኛል። እንቅልፍ ሄደ። ደም ግፊቴ ከፍ አለ። ልጆቼ ላይ መጮህ ጀመርኩ። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ቢሮዬ መጥቶ ለረጅም ጊዜ አየኝና «አንቺ፣ የምትተነፍሺው ስንት ነው?» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ግን በሩን ዘግቶ ሐኪም እንዳይ፣ ፈቃድ እንድወስድም አስማለኝ። ወሰድኩ። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሐኪም በላይ መታከም የሚፈራ ፍጥረት የለም።

ስመለስ መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር ቀላል ይመስላል። ሥራዬን በሚወስደው ጊዜ ከፋፈልኩት። ዛሬ የሚያልቀውን ለጸሐፊዬና ለምክትል ዲኖቹ ሰጠሁ፤ ከነሥልጣኑ እንጂ ከነወቀሳው ብቻ አይደለም። በዓመት የሚያልቀውን ለኮሚቴ። ብዙ ዓመት የሚፈጀውን ሁለት ነገር ብቻ መርጬ ለራሴ ያዝኩ፦ የተማሪዎች ፈተናና የመምህራን ቅጥር። ሌላው ጥሩ ሐሳብ ሁሉ፣ ምንም ቢያምር፣ በኔ ጊዜ አይሆንም አልኩ። ዲን ለመሆን የምታስቡ ካላችሁ ይህን ምርጫ ከመሾማችሁ በፊት አድርጉት። ከተሾማችሁ በኋላ ሌሎች ይመርጡላችኋል።

ፈተናውን የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ካሪኩለም መቀየር ሴኔት ድረስ ያስኬዳል፣ ኮሚቴ ያስቋቁማል፣ የወፈረ ሰነድ ያስጽፋል። ሰነዱ ሲያልቅ ክፍል ውስጥ የሚሆነው ያው የድሮው ነው። ተማሪ የሚያጠናው ግን የሚፈተነውን ነው። ሮናልድ ሃርደን በ1975 ስኮትላንድ ውስጥ ያስተዋወቀው ኦስኪ የሚባለው ፈተና፣ ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ እየተዘዋወረ በተግባር የሚታይበት፣ ዓለም ሁሉ የተቀበለው ለዚህ ነው። እኛ ጋ ስሙ ነበረ፤ በየጣቢያው የሚጠየቀው ግን በቃል የሚመለስ ጥያቄ ነበር። ከጣቢያዎቹ አንዱን ቀየርነው። ተማሪው ሕፃን የሚተነፍስበት ቪዲዮ ፊት ይቀመጣል። ልብስ ከፍ ተደርጓል። በቃል ምንም አይጠየቅም፤ እንዲህ የሚል አንድ ወረቀት ብቻ አለ። ቁጠር፣ ደረቱን እይ፣ ምን ታደርጋለህ። የመጀመሪያው ዙር ውጤት ሲመጣ ስለ ሳንባ ምች ገጽ ሙሉ መጻፍ የሚችሉ ጎበዝ ተማሪዎች ሰዓታቸውን እንኳ አላዩም ነበር።

ጉድ ፈላ። «ተማሪ ልታስጥሉ ነው»፣ «ይህ የነርስ ሥራ ነው» የሚል አልጠፋም። የነርስ ሥራ ነው ያሉትን ሰምቼ ያቺን ሲስተር አሰብኳቸው፤ አልመለስኩም። ውጤቱ እንዳይያዝ፣ ለመለማመጃ ብቻ እንዲሆን በመጀመሪያው ዓመት ተስማማን። ይህ እርቅ እንጂ ሽንፈት አልነበረም። በዓመቱ ተማሪዎቹ ራሳቸው ዋርድ ውስጥ ሰዓት አውጥተው መቁጠር ጀመሩ፤ ፈተናው ላይ እንደሚመጣ ያውቃሉዋ። ከዚያ ነጥብ ሲሰጠው የተቃወመ የለም። ምክሬ፦ ለውጥ ስታመጡ ማንንም የማይቀጣ አንድ ዙር ስጡት። ጊዜ ያባክናል፤ ግን ጠብ ከሚያባክነው ያንሳል።

እዚህ ላይ ከታሪክ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ለውጥ ለሚያስቸኩላቸው ሁሉ። አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ አብርሃም ፍሌክስነር ሐኪም አልነበረም። በአሜሪካና በካናዳ ያሉትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች ገምግሞ በ1910 ሪፖርቱን አወጣ። ደካማ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ላቦራቶሪና ሆስፒታል የትምህርቱ መሠረት ሆኑ፤ ለዚህ እስከ ዛሬ ይመሰገናል። ግን በዚያን ጊዜ ከነበሩት 7 የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች 5ቱ ተዘግተው ሃዋርድና ሜሃሪ ብቻ ቀሩ። እዚያ ሊማሩ ይችሉ የነበሩት ሐኪሞች ለትውልድ አልተተኩም። ጥሩ ዓላማ ያለው ሰነድ ነው ይህን ያደረገው። መግቢያ መስፈርት ከፍ ይበል፣ ይህ ፕሮግራም ይዘጋ ሲባል ማኅተም ከማሳረፌ በፊት «በዚህ በር ይገባ የነበረው ማን ነው?» እል ነበር። አንዳንዴ መልሱ ውሳኔዬን ያስቀይረኛል፣ አንዳንዴም አያስቀይረኝም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የቅሬታው ጉዳይ ነው። አንድ የተከበሩ አንጋፋ መምህር ተማሪዎችን በታካሚ ፊት ያዋርዳሉ የሚል ነገር ከድሮም ይወራል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይጽፍም። አንዲት ተማሪ ጻፈች። በማግሥቱ ቢሮዬ በአማላጅ ተሞላ። «እሳቸው እኮ ሁላችንንም ያስተማሩ ናቸው»፣ «ልጅቷ ትንሽ ነገር ታበዛለች»፣ «በሽማግሌ ይለቅ»። በሽማግሌ ቢያልቅ ለኔ ይቀለኝ ነበር። ግን ተማሪዋ በዚያው ክፍል ልትፈተን ነው፤ ፈታኟም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ያደረግኩት ፈታኝ መቀየር ነው፤ ማን ልክ ነው የሚለው ሳይጣራ በፊት። ከዚያ ሁለቱንም ለየብቻ ሰማሁ። ንግግሩ ባለቀ በዚያው ሰዓት፣ ገና ትዝ ሲለኝ፣ ቃለ ጉባኤ ጻፍኩና ራሳቸው አንብበው እንዲፈርሙ አደረግኩ። ማጣራቱን የሌላ ትምህርት ክፍል ሰዎች ያዙት። መምህሩ ከተማሪ ምዘና ተነሡ፤ ሕክምናቸውን ቀጠሉ። ብዙ ወዳጅ አጣሁበት። አንዳንዶቹ ዛሬም ሰላም አይሉኝም። ዲን ስትሆኑ እንዲህ ያለ ቀን መምጣቱ አይቀርም፤ ቀድሞ ለሚጎዳው ሰው ከለላ ስጡ፣ ፍርዱ ቀስ ብሎ ይድረስ። ወረቀት ደግሞ በዚያው ቀን ይጻፍ። ሳምንት የቆየ ትዝታ ወደ ወዳጅ ያዘነብላል።

ክሊኒክን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ምክር ትሰማላችሁ። አንዱ «ዲን ሙሉ ጊዜውን ይስጥ» ይላል፤ ሌላው «ሐኪምነትህን አትልቀቅ» ይላል። እኔ በሳምንት አንድ ከሰዓት ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ልጆች ክሊኒክ ያዝኩ፤ ያንን ሰዓት ስብሰባ እንዳይገባበት ለጸሐፊዬ አስጠነቀቅኩ። ብሮንኮስኮፒን ግን ተውኩ። ይህ አንጀት ይበላል። ዕድሜዬን የፈጀሁበት እጅ ነው። ግን አልፎ አልፎ ብቻ የሚሠራ እጅ በሕፃን ቧንቧ ውስጥ መግባት የለበትም። ለሁለት ወጣት ሐኪሞች አስረከብኩት። ንግግር የሆነ ሥራ በሳምንት አንዴም ቢሆን አይዝግም፤ የእጅ ሥራ ይዝጋል። የምትይዙትንና የምትለቁትን በዚህ ለዩት።

ያ ከሰዓት ነው ያቆየኝ ብል ማጋነን አይሆንም። አስም ያለበት ልጅ ኢንሄለሩን በቀጥታ አፉ ላይ እየነፋ መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ ሲቀር፣ በስፔሰር (መድኃኒቱን በሚይዘው ቱቦ) አድርጎ ተረጋግቶ መተንፈስን አሳየዋለሁ፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ኳስ እየተጫወተ እንደሆነ ይነግረኛል። ፈጣን ውጤት ማለት ይህ ነው። ያንን ጥማቴን እዚያ ስለማረካ ቢሮ ውስጥ አልፈልገውም ነበር። ትልቁ ለውጥ የመጣው ያኔ ነው። ስብሰባ ላይ አንድ ችግር ሲነሣ ወዲያው መድኃኒት ማዘዝ ተውኩ። ከላይ ያልኩት የብሮንኪዮላይተስ ነገር ነው፤ አንዳንዱ የመሥሪያ ቤት ትኩሳት በራሱ ይወርዳል። መጠበቅና መከታተል እንጂ ደብዳቤ አያስፈልገውም። የትኛው እንደሚወርድ፣ የትኛው እንደሚገድል መለየት ደግሞ ያው ቁጭ ብሎ በመቁጠር ነው።

ሌላም ነገር ከዚያ ክሊኒክ ተምሬያለሁ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን፣ ሳንባን በወፍራም አክታ የሚዘጋ በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ሐኪሟ ዶሮቲ አንደርሰን በ1938 ስትገልጸው አብዛኞቹ ታማሚዎች ትምህርት ቤት ሳይገቡ ይሞቱ ነበር። በ1989 ጂኑ ተገኘ፤ በ2012 ደግሞ ጂኑ የሚያሠራውን ፕሮቲን ጉድለት በከፊል የሚያርም የመጀመሪያው መድኃኒት ፈቃድ አገኘ። ዛሬ መድኃኒቱን የሚያገኙት ያረጃሉ። ስለዚህ የሕፃናት ሳንባ ሐኪም አዲስ ሥራ መጣበት፤ ማስረከብ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያያችሁትን ልጅ ጺም ሲያወጣ ለአዋቂዎች ሐኪም ትሰጡታላችሁ። በአንድ ቀን አይሰጥም። ቀድሞ ብቻውን ገብቶ እንዲናገር፣ የመድኃኒቱን ስም እንዲያውቅ፣ ቀጠሮውን ራሱ እንዲይዝ ይደረጋል። አዲሱ ሐኪምም አንድ ሁለቴ አብሮ ይቀመጣል።

ዲንነቱንም ያስረከብኩት እንደዚያው ነው። ጊዜዬ ከማለቁ በፊት ተተኪ ሊሆኑ የሚችሉትን በጀት ስብሰባ ላይ አብረውኝ እንዲቀመጡ አደረግኩ። ከወረድኩ በኋላ ተተኪዬ ካልደወለልኝ አልደውልም፤ ቢሮውም አልሄድም።

እንግዲህ ሹመት ደርሷችሁ ለመፈረም የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ። ሆስፒታሉ ተጠሪነቱ ለዲኑ ነው ወይስ ለሌላ? በጀት ከአንዱ ርእስ ወደ ሌላው ማዛወር የሚችለው ማን ነው? መምህር ለመቅጠርና ላለመቅጠር የመጨረሻው ቃል የማን ነው? ለኔ የመጀመሪያው በጽሑፍ ሲመለስልኝ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በአፍ ብቻ ተነገሩኝ፤ የአፉ ቃል ሰውየው ሲቀየር አብሮ ሄደ። ደግሞ የመመለሻውን ነገር አትርሱ። ሥልጣን ላይ የቆየ ሐኪም ወደ ዋርድ ሲመለስ በቀጥታ ተረኛ መሆን የለበትም። እኔ ስመለስ በድሮ ተማሪዎቼ ሥር ራውንድ እየዞርኩ፣ እነሱ እያዩኝ ወራት አሳለፍኩ። የመድኃኒት መጠን ስሌት ተቀይሯል፣ የቲቢ ሕክምናም ተቀይሯል፤ በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ቀለል ያለ ቲቢ ላለባቸው ሕፃናት ከ6 ወር ይልቅ የ4 ወር ሕክምና ይበቃል ብሏል። ለዚህ የመመለሻ ጊዜ ደመወዙ የሚከፈል፣ ከሌላ ሥራ ነፃ የሆነ እንዲሆን ውላችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ይግባ። ስትሾሙ ሁሉም እሺ ይላችኋል፤ ስትወርዱ የሚሰማችሁ አይኖርም።